አድዌር ኮምፒውተር ውስጥ ምን ይቀያይራል? ተነቅሎስ ለምን ተመልሶ ይመጣል?

መድረክ፦ ዊንዶውስ እና ጥገና

#1 ጋሽ_ጥገና

«ማስታወቂያ አስቸገረኝ፣ አጥፍቼው ተመልሶ መጣ» የሚለው ጥያቄ እዚህ ደጋግሞ ይነሳል፤ መልሱም በየክሩ ተበታትኗል። አንድ ቦታ እንሰብስበው። የምጽፈው ስለ ዊንዶውስ 10 እና 11 ነው። የጎደለ ካለ ሙሉ፣ የተሳሳተ ካለ አርሙ።

ከሁሉ በፊት፣ አድዌር (ሳንፈልገው ገብቶ ማስታወቂያ የሚያሳይ ፕሮግራም) አንድ ፋይል ብቻ እንዳልሆነ እንያዝ። ከገባ በኋላ ብዙ ቅንብሮችን ይቀያይራል፤ የገባበት ፕሮግራም ራሱ ቢጠፋ እንኳ የተቀየረው እንደተቀየረ ይቀራል። ከዚህ በላይ ደግሞ መልሶ የሚተክል ክፍል አብሮ ያስቀምጣል። ኤክስቴንሽኑን (ብሮውዘር ላይ የተጨመረውን ትንሽ ፕሮግራም) ስታጠፉት ይህ ክፍል ከደቂቃዎች በኋላ፣ ወይም ኮምፒውተሩ ሲነሳ፣ መልሶ ይጭነዋል። አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ ዓይኑ የሚያየውን እየነቀለ የሚተክለውን ሳይነካ ያልፋል።

አገባቡን በአጭሩ፦

በጣም የተለመደው ነጻ ፕሮግራም ላይ ተለጥፎ መምጣት ነው። ኢንስቶለሩ «ኤክስፕረስ» ወይም «ሪኮመንድድ» የሚል ምርጫ ላይ አስቀድሞ ምልክት አድርጎ ይጠብቃችኋል። «ካስተም» ወይም «አድቫንስድ» ብትሉ ግን የተደበቁት ሳጥኖች ይታያሉ። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ገጽ ላይ የሚመጣው «አክሴፕት» ብዙ ጊዜ የፈለጋችሁትን ፕሮግራም አይመለከትም፤ የሌላ ፕሮግራም ስምምነት ነው። «ዲክላይን» የሚለው ደብዝዞ ስለሚሳል የማይሠራ ይመስላል፤ ይሠራል፣ ተጫኑት።

ይህ የማይታወቁ ድረ ገጾች ሥራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 ዳውንሎድ ዶት ኮም የተባለው የፕሮግራም ማውረጃ ገጽ የኔትወርክ መፈተሻውን ኤንማፕን በራሱ ኢንስቶለር ጠቅልሎ ከቱልባር (ብሮውዘር ላይ ከሚለጠፍ ተጨማሪ መስመር) ጋር ሲያቀርብ ተገኝቶ የፕሮግራሙ ባለቤት በይፋ ተቃውሟል። በ2015 ደግሞ ሌላው ማውረጃ ገጽ ሶርስፎርጅ ጊምፕ የተባለውን የፎቶ ማረሚያ የዊንዶውስ ቅጂ በተመሳሳይ መንገድ አቅርቧል። ጃቫ ራሱ ለዓመታት ከአስክ ቱልባር ጋር ይመጣ ነበር፤ የቱልባሩ ጫኝ የጃቫው ጭነት ካለቀ በኋላ 10 ደቂቃ ጠብቆ ነበር ሥራውን የሚጀምረው። ባለቤቱ ፕሮግራም ዝርዝሩን ወዲያው ቢያይ ምንም አያገኝም። ሁለቱን ነገሮች ማገናኘት የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ክራክና አክቲቬተር (የሚከፈልበትን ፕሮግራም ወይም ዊንዶውስ ያለ ክፍያ የሚያሠሩት) ነው፤ ስለሱ ሌላ ሰው በዝርዝር ይጻፍ። ሦስተኛው በቀጥታ ከብሮውዘር መደብር የሚጫን ኤክስቴንሽን ነው፤ ፒዲኤፍ መቀየሪያ፣ ቪዲዮ ማውረጃ፣ የአየር ሁኔታ ማሳያ የሚሉት ይበዛሉ።

የማጽዳት ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ ኢንተርኔቱን ንቀሉ። «ሴቲንግስ» ውስጥ «አፕስ»፣ ከዚያ «ኢንስቶልድ አፕስ» (ዊንዶውስ 10 ላይ «አፕስ ኤንድ ፊቸርስ») ገብታችሁ ዝርዝሩን በተጫኑበት ቀን ደርድሩ፤ ችግሩ በጀመረበት ቀን የገቡትን በሙሉ አንድ ላይ ታገኟቸዋላችሁ፣ አራግፏቸው። ቀጥሎ መልሶ የሚተክለውን ክፍል ፈልጉ፣ ከዚያ ፖሊሲውን (ብሮውዘሩ የግድ የሚፈጽመውን ትእዛዝ)፣ ከዚያ ኤክስቴንሽኑንና ሾርትከቱን፣ ከዚያ ኔትወርኩን። ብሮውዘሩን «ሪሴት» ማድረግ የመጨረሻው ነው። ብዙ ሰው ከመጨረሻው ስለሚጀምር ነው ሥራው መና የሚቀረው።

#2 ሀኒ_ኔት

ጋሼ ጥሩ አድርገው ከፍተውታል። እኔ ፖሊሲ ላይ ላተኩር፣ ምክንያቱም «ሪሙቭ የሚለው ቁልፍ የለም» የሚለው ቅሬታ ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ክሮምና ኤጅ የተሠሩት መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞቻቸውን ብሮውዘር ከአንድ ቦታ እንዲቆጣጠሩ ጭምር ነው። መሥሪያ ቤቱ «ይህ ኤክስቴንሽን የግድ ይጫን» ብሎ ካዘዘ ተጠቃሚው ሊያነሳው አይችልም። አድዌር ይህንኑ ሕጋዊ በር ይጠቀማል፤ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ካገኘ ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች መዝገብ) ውስጥ ትእዛዙን ይጽፋል፣ ብሮውዘሩም እንደ ታዛዥ ሠራተኛ ይፈጽማል።

ምልክቱ፦ በክሮም ሦስት ነጥብ ምናሌ ግርጌ «ማኔጅድ ባይ ዩር ኦርጋናይዜሽን» የሚል ጽሑፍ። የቤት ኮምፒውተር ላይ ይህ መኖር የለበትም። አንዳንድ ጸረ ቫይረሶችም ፖሊሲ ስለሚጽፉ ጽሑፉን እንዳያችሁ አትደንግጡ፣ ውስጡን እዩ። በአድራሻ መጻፊያው ላይ በእንግሊዝኛ ክሮም፣ ሁለት ነጥብ፣ ሁለት ስላሽ፣ ፖሊሲ ብላችሁ ጻፉ። በዝርዝሩ ውስጥ «ኤክስቴንሽን ኢንስቶል ፎርስሊስት» የሚል ካለ ዋጋው ውስጥ ከ«ኤ» እስከ «ፒ» ባሉ ፊደላት ብቻ የተሠራ ባለ 32 ፊደል መለያ ታገኛላችሁ። የኤክስቴንሽን ገጹን ከፍታችሁ «ዴቨሎፐር ሞድ» ስታበሩ የእያንዳንዱ ኤክስቴንሽን መለያ ይታያል፤ አመሳስሉት። የፍለጋ ሞተርንና የመነሻ ገጽን የሚያስገድዱ ፖሊሲዎችም እዚያው ይታያሉ።

የሚሰረዘው በሬጅስትሪ ኤዲተር ነው። ኤችኬይ ሎካል ማሽን፣ ሶፍትዌር፣ ፖሊሲስ፣ ጉግል፣ ክሮም። ያንኑ መንገድ ኤችኬይ ከረንት ዩዘር ስርም ተመልከቱ፤ ለኤጅ ደግሞ ፖሊሲስ ስር ማይክሮሶፍት፣ ከዚያ ኤጅ። ከመሰረዛችሁ በፊት ፎልደሩ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ኤክስፖርት» በሉና ቅጂ አስቀምጡ።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው። ሰርዛችሁት ኮምፒውተሩ ሲነሳ ተመልሶ ከመጣ ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ሲስተም32 ውስጥ «ግሩፕ ፖሊሲ» የሚል የተደበቀ ፎልደር አለ። አድዌሩ ፖሊሲውን እዚያ ባለው «ሬጅስትሪ ነጥብ ፖል» ፋይል ላይ ከጻፈው ዊንዶውስ ራሱ በየጊዜው ወደ ሬጅስትሪ ይገለብጠዋል። እናንተ ስትሰርዙ መልሶ የሚጽፈው ዊንዶውስ ነው እንጂ አድዌሩ አይደለም። የግል ኮምፒውተር ከሆነና እናንተ ያወጣችሁት የግሩፕ ፖሊሲ ቅንብር ከሌለ «ግሩፕ ፖሊሲ»ንና «ግሩፕ ፖሊሲ ዩዘርስ»ን ሰርዙ፣ በአስተዳዳሪ ፈቃድ በተከፈተ ኮማንድ ፕሮምፕት የግሩፕ ፖሊሲ ማደሻውን ትእዛዝ ስጡ፣ ከዚያ ሬጅስትሪውን እንደገና አጽዱ። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ከሆነ ግን አትንኩት፣ ለአይቲ ክፍሉ ንገሩ።

#3 ቢኒ_ስክሪፕት

ሀኒ ያልሽው ትክክል ነው። ከፖሊሲ ቀጥሎ የተለመዱት ተካዮች ታስክ ስኬጁለር (ሥራዎችን በቀጠሮ የሚያስነሳው የዊንዶውስ ክፍል) ውስጥ ናቸው።

ታስክ ስኬጁለርን ክፈቱና በግራ በኩል ያለውን ዋናውን ላይብረሪ ተጫኑ። የታስኩን ስም አትመኑ፤ «አፕዴተር»፣ «ሰርቪስ» የሚል ወይም ትርጉም የሌለው የፊደል ድርድር ሊሆን ይችላል። መታየት ያለባቸው «ትሪገርስ» እና «አክሽንስ» የሚሉት ናቸው። ትሪገሩ «ሎግ ኦን ሲደረግ» ወይም «በየ10 ደቂቃው» ከሆነ፣ አክሽኑ ደግሞ ፓወርሼልን (የዊንዶውስ ትእዛዝ መስጫውን) ከረጅም የማይነበብ ኮድ ጋር ከጠራ፣ ወይም ብሮውዘሩን ከአንድ የድረ ገጽ አድራሻ ጋር ከከፈተ፣ ወይም አፕዴታ ወይም ፕሮግራም ዴታ በተባሉት የተደበቁ ፎልደሮች ውስጥ ያለ እንግዳ ፋይል ካስነሳ፣ ያገኛችሁት እሱ ነው። መጀመሪያ «ዲሴብል»፣ ከዚያ ፋይሉን፣ ከዚያ ታስኩን ሰርዙ። የጉግልና የኤጅ ማዘመኛ ታስኮችም እዚያው ናቸው፤ እነሱን ካጠፋችሁ ብሮውዘሩ የደኅንነት ማሻሻያ አያገኝም።

እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ የታየው ክሮምሎደር የተባለው አድዌር በዚህ መንገድ ነበር የሚሠራው። የተሰነጠቀ ጌም ወይም ፊልም መስሎ በአይኤስኦ (የዲስክ ቅጂ) ፋይል ይመጣል። ዊንዶውስ ከ8 ጀምሮ አይኤስኦን በድርብ ጠቅታ እንደ ዲስክ ስለሚከፍት ተጠቃሚው ውስጡ ያለውን ፋይል ያስነሳል፤ ፋይሉ ታስክ ይፈጥራል፤ ታስኩ ፓወርሼልን እየጠራ ክሮም ላይ ኤክስቴንሽን ይጭናል፤ ኤክስቴንሽኑ የምትፈልጉትን ሁሉ በማስታወቂያ ገጾች በኩል ያዞረዋል። አይኤስኦ የተመረጠበት ምክንያት አለው። ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ላይ ዊንዶውስ «ከውጭ የመጣ» የሚል የተደበቀ ምልክት ያደርጋል፤ ማስጠንቀቂያውም የሚመጣው በዚያ ምልክት ነው። አይኤስኦው ላይ ያለው ምልክት ግን ውስጡ ወዳሉት ፋይሎች አይተላለፍም ነበር። ማይክሮሶፍት ይህን የደፈነው በኅዳር 2022 ማሻሻያ ነው። ዊንዶውሱን ከዚያ ወዲህ ያላዘመነ ሰው አሁንም ክፍት ነው ማለት ነው።

ሾርትከቱን አትርሱ። ዴስክቶፕ፣ ታስክባር፣ ስታርት ሜኑ ላይ ያለውን እያንዳንዱን የብሮውዘር ምልክት በቀኝ ጠቅ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ታርጌት»። መስመሩ በፕሮግራሙ ፋይል ስምና በትእምርተ ጥቅሱ ማለቅ አለበት። ከዚያ በኋላ የድረ ገጽ አድራሻ ወይም «ሎድ ኤክስቴንሽን» የሚል ካለ ተጨማሪውን አጥፉ። ታስክባር ላይ ያለው ከዴስክቶፑ የተለየ ፋይል ነው፤ አንዱን ማረም ሌላውን አያርምም።

ሁሉንም በአንድ መስኮት ለማየት የማይክሮሶፍትን አውቶራንስ (በራሳቸው የሚነሱትን ሁሉ የሚዘረዝር ፕሮግራም) ተጠቀሙ። መጫን አይፈልግም። በአስተዳዳሪ ፈቃድ አስነሱት፣ «ኦፕሽንስ» ውስጥ የማይክሮሶፍትን መስመሮች ደብቁ፣ የፊርማ ማረጋገጫውን አብሩ። ሮዝ የሆነው መስመር ፊርማው ያልተረጋገጠ፣ ቢጫው ደግሞ ፋይሉ ቦታው ላይ የሌለ ነው። ቢጫ በራሱ አደጋ አይደለም፤ የተራገፈ ፕሮግራም ቅሪት ነው። መስመሩን ከመሰረዝ ይልቅ መጀመሪያ ምልክቱን አንሱ፤ ስህተት ከሆነ ምልክቱን መመለስ ብቻ ነው። «ደብሊውኤምአይ» (ዊንዶውስ ራሱ ስክሪፕት ሊያስነሳበት የሚችል ሌላ ቦታ) የሚለውን ክፍልም እዩት፤ የቤት ኮምፒውተር ላይ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። እዚያ ስክሪፕት ከተጻፈ ሾርትከቶችን እያረማችሁ እሱ መልሶ ያበላሻል፤ ታስክ ስኬጁለር ውስጥም አይታይም።

#4 ቃልኪዳን21

እናመሰግናለን። የተባለውን በሙሉ ካደረጉ በኋላ ማስታወቂያው ጠፍቶ ኢንተርኔቱም አብሮ ከጠፋስ? ዋይፋይ ተገናኝቷል ይላል፣ ክሮም ግን አንድም ገጽ አይከፍትም። ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ፒንግ (የመስመር መፈተሻው) ሲደረግ ይመልሳል።

#5 ሀኒ_ኔት

ቃልኪዳን፣ ፒንግ ከመለሰ መስመሩ ደህና ነው ማለት ነው። አድዌሩ ፕሮክሲ አስገብቶ ነበር።

አንዳንዱ አድዌር ኮምፒውተሩ ላይ ትንሽ ፕሮክሲ ያቆማል፤ የብሮውዘሩ ትራፊክ ሁሉ መጀመሪያ በሱ በኩል አልፎ ማስታወቂያ ተጨምሮበት ነው የሚመጣው። ፕሮግራሙን ስታጠፊው ፕሮክሲው ቆመ፤ ዊንዶውስ ውስጥ ያለው «በዚህ በኩል እለፍ» የሚለው ቅንብር ግን አልተነካም። ብሮውዘሩ የሌለ በር እያንኳኳ ነው። «ሴቲንግስ»፣ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ «ፕሮክሲ» ግቢ። በእጅ የተሞላው ክፍል ውስጥ 127.0.0.1 እና የፖርት ቁጥር ካለ አጥፊው። «ዩዝ ሴታፕ ስክሪፕት» የሚለውም በርቶ ከሆነ አጥፊው፤ ስክሪፕቱ የርቀት አድራሻ ከሆነ ይበልጥ አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም ባለቤቱ የትኛው ድረ ገጽ በሱ በኩል እንደሚያልፍ በፈለገ ጊዜ መቀየር ይችላል። አጥፍተሽው ተመልሶ ከበራ ተካዩ አልሞተም፤ ወደ ቢኒ ጽሑፍ ተመለሺ።

ካልተስተካከለ የዊንሶክ (ፕሮግራሞችን ከኔትወርክ የሚያገናኘው የዊንዶውስ ክፍል) ቅንብር ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ 11 ላይ በ«አድቫንስድ ኔትወርክ ሴቲንግስ» ውስጥ «ኔትወርክ ሪሴት» አለ። ከመጫንሽ በፊት የዋይፋይ ፓስዎርዶችሽን ጻፊያቸው፣ ይጠፋሉ። ቪፒኤን ካለም እንደገና መጫን ያስፈልጋል።

ዲኤንኤስንም (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረውን) እዩ። ማንም ሳይጽፈው በእጅ የተሞላ የዲኤንኤስ አድራሻ ካለ ወደ አውቶማቲክ መልሱት። ዲኤንኤስቼንጀር የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2011 በዚህ ብቻ 4 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮችን ይዞ ነበር፤ ኤፍቢአይ በኅዳር 2011 የኢስቶኒያ ሰዎችን ካስያዘ በኋላ እንኳ የወንጀለኞቹን ሰርቨሮች ወዲያው መዝጋት አልተቻለም። የተጠቁት ኮምፒውተሮች ሁሉ ኢንተርኔት ያጡ ነበርና ንጹሕ ምትክ ሰርቨር ተተክቶ እስከ ሐምሌ 9፣ 2012 ቆየ። ያው ፕሮግራም የራውተሩን ፓስዎርድ ገምቶ የራውተሩንም ዲኤንኤስ ይቀይር ነበር። ስለዚህ ቤት ውስጥ ያሉ ስልኮችም ያንኑ ማስታወቂያ የሚያሳዩ ከሆነ ኮምፒውተሩን ትታችሁ ራውተሩ ውስጥ ግቡ፤ ከፋብሪካ የመጣውን የአስተዳዳሪ ፓስዎርድም ቀይሩ።

ሆስትስ የሚባለውን (የድረ ገጽ ስሞችን አድራሻ ኮምፒውተሩ ላይ የሚይዘውን) ፋይል በኖትፓድ ክፈቱ፤ ሲስተም32 ውስጥ «ድራይቨርስ»፣ ከዚያ «ኢቲሲ» ፎልደር ውስጥ ነው። አዲስ ዊንዶውስ ላይ መስመሮቹ ሁሉ በ# ይጀምራሉ። ያለ # የጸረ ቫይረስ ድረ ገጾች ስም ካለበት አድዌሩ መድኃኒቱን እንዳታወርዱ አግዷችኋል።

#6 አቢ_ሜሪላንድ

እስካሁን ያልተነሳ አንድ ነገር አለ፣ ከሁሉም የሚከፋው እሱ ነው፦ ሰርተፊኬት።

ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ የተመሰጠረ ስለሆነ መሐል የቆመ ፕሮክሲ ውስጡን አያይም፣ ማስታወቂያም ሊያስገባ አይችልም። ይህን ለማለፍ አድዌሩ የራሱን ሩት ሰርተፊኬት (የድረ ገጾችን ማንነት የሚያረጋግጥ ዋና ሰነድ) ዊንዶውስ ከሚያምናቸው መካከል ያስገባል። ከዚያ በኋላ ለባንክም፣ ለኢሜይልም፣ ለማንኛውም ድረ ገጽ የራሱን የውሸት ሰርተፊኬት እየፈረመ ትራፊኩን ይፈታል። ብሮውዘሩ ምንም አያስጠነቅቅም።

በደንብ የተመዘገበው ጉዳይ የሌኖቮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 መገባደጃ የተሸጡ አንዳንድ የሌኖቮ ላፕቶፖች ሱፐርፊሽ የተባለ አድዌር ከፋብሪካ ተጭኖባቸው መጡ፤ የንግድ ሥራ መስመሩ ቲንክፓድ አልነበረበትም። ሱፐርፊሽ ኮሞዲያ ከተባለ ድርጅት በተገኘ ቴክኖሎጂ የተመሰጠረ ትራፊክን እየፈታ በገጾች ላይ የሸቀጥ ምስል ይጨምር ነበር። ይህ ራሱ መጥፎ ነው። የባሰው ግን በሁሉም ላፕቶፖች ላይ አንድ ዓይነት ሰርተፊኬትና አንድ ዓይነት የግል ቁልፍ (የሚፈረምበት ምስጢራዊ ኮድ) መቀመጡ ነበር። በየካቲት 2015 ሮበርት ግራሃም የተባለ የደኅንነት ባለሙያ የቁልፉን ፓስዎርድ ከፕሮግራሙ አውጥቶ አሳተመ፤ ፓስዎርዱ «ኮሞዲያ» ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካፌ ዋይፋይ ላይ ከአንድ እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ጋር የተቀመጠ ማንኛውም ሰው የባንክን ገጽ አስመስሎ ማቅረብ ይችል ነበር፤ ላፕቶፑም ያምነዋል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና 32 ግዛቶች ጉዳዩን ከሌኖቮ ጋር በመስከረም 2017 በስምምነት ዘጉት፤ ለግዛቶቹ የተከፈለው 3.5 ሚሊዮን ዶላር ነው።

ለጥገና የሚጠቅመን ነጥብ፦ ፕሮግራሙን ማራገፍ ሰርተፊኬቱን አያነሳውም ነበር። ሰዎች «አንኢንስቶል» ብለው ጨረስን አሉ፤ በሩ ግን ክፍት ነበር። ማይክሮሶፍት በዲፌንደር (የዊንዶውስ የራሱ ጸረ ቫይረስ) ማሻሻያ ሁለቱንም አብሮ እስኪያወጣ ድረስ በእጅ ነበር የሚነሳው።

አሁን ለማየት፦ ስታርት ላይ «ማኔጅ ኮምፒውተር ሰርቲፊኬትስ» ብላችሁ ፈልጉ፣ «ትረስትድ ሩት ሰርቲፊኬሽን ኦቶሪቲስ» ውስጥ ያለውን ዝርዝር ክፈቱ። ዝርዝሩን ብቻ በማየት መወሰን ይከብዳል፤ አጭሩ መንገድ ይህ ነው። የባንካችሁን ገጽ ክፈቱ፣ አድራሻው አጠገብ ያለውን ምልክት ተጫኑ፣ ሰርተፊኬቱን ማን እንደፈረመው አንብቡ። ሌሎች ሁለት ሦስት የማይገናኙ ድረ ገጾችንም እንዲሁ። ሁሉንም የፈረመው አንድ የማታውቁት ስም ከሆነ መሐላችሁ ሰው አለ። ካስፐርስኪ፣ አቫስትና ኢሴትም የተመሰጠረ ትራፊክ ለመፈተሽ የራሳቸውን ሰርተፊኬት ያስገባሉ፤ የጫናችሁት ጸረ ቫይረስ ስም ከሆነ የሚያስደነግጥ አይደለም። ካልሆነ ሰርተፊኬቱን ሰርዙ፣ ከዚያ ፓስዎርዶቻችሁን ከሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ወይም ከስልክ ቀይሩ። በዚያው ኮምፒውተር ላይ መቀየር አዲሱን ፓስዎርድ ለነሱው መስጠት ነው።

#7 ሮቤል_አዳማ

ይህን ሁሉ ከመልፋት ፎርማት ማድረግ አይቀልም?

#8 ጋሽ_ጥገና

ሮቤል፣ አንዳንድ ጊዜ ይቀላል፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የግድ ነው። አቢ እንዳለው ያልታወቀ ሩት ሰርተፊኬት ከተገኘ፣ ዲፌንደር አልነሳ ካለ፣ ወይም ፓስዎርድ የሚሰርቅ ፕሮግራም አብሮ ከተገኘ እኔ በበኩሌ ለማጽዳት ጊዜ አላጠፋም። አንድ ኤክስቴንሽንና አንድ ታስክ ብቻ ከሆነ ግን ፎርማት ማድረግ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ማጽዳቱ አንድ ሰዓት አይፈጅም።

ፎርማት ካደረግክ ሦስት ነገር ልብ በል። አንደኛ፣ «ሪሴት ዚስ ፒሲ» ውስጥ «ክላውድ ዳውንሎድ»ን ከመረጥክ ከ4 ጊጋባይት በላይ ዳታ ይበላል። በሞባይል ዳታ ጥቅል ለሚጠቀም ሰው ይህ ቀላል ወጪ አይደለም፤ አንድ ቦታ ላይ ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ በማይክሮሶፍት ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል ካዘጋጀህ ለብዙ ኮምፒውተር ይሆንሃል። ሁለተኛ፣ ዶክመንትና ፎቶ ብቻ መልስ። አፕዴታ ፎልደርን ወይም የክሮምን ፕሮፋይል እንዳለ ከገለበጥክ አድዌሩን በእጅህ ይዘኸው ገባህ። የቆዩ ኢንስቶለሮችህንም ጣላቸው፤ የመጀመሪያው ምክንያት ከነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ የሚዞረውን «ሁሉን በአንድ» የተባለ ዊንዶውስ ከጫንክ ምን እንደተጨመረበት ማወቂያ የለህም። አክቲቬተር ተጨምሮበት፣ ዲፌንደር ጠፍቶ፣ ማሻሻያ ተዘግቶ የተዘጋጀ ብዙ አለ። የዊንዶውስ 11 አይኤስኦ ከማይክሮሶፍት ገጽ ሲወርድ የሃሽ ቁጥሩ (የፋይሉ መለያ አሻራ) እዚያው ገጽ ላይ አብሮ ተጽፏል። የያዝከውን ፋይል ሃሽ በፓወርሼል አውጥተህ አስተያየው፤ አንድ ፊደል እንኳ ቢለይ አትጫነው።

#9 ቢኒ_ስክሪፕት

ጋሼ አክቲቬተርን ካነሱ ልቀጥልበት፤ እኛ አገር ዋናው በር ይህ ስለሆነ ሊነገር ይገባል።

አክቲቬተሩ ገና ከዚፕ ሳይወጣ የሚሰጣችሁ መመሪያ ራሱ ችግሩን ይነግራችኋል፦ «ጸረ ቫይረሱን አጥፉ፣ ፓስዎርዱ ይህ ነው፣ እንደ አስተዳዳሪ አስነሱ»። ዚፑ ፓስዎርድ የተደረገበት ጸረ ቫይረስ ውስጡን እንዳያይ ነው። ዲፌንደሩ የሚጠፋው ሲወጣም እንዳይይዘው ነው። የአስተዳዳሪ ፈቃዱ ደግሞ ሀኒ የነገረችንን ፖሊሲ ለመጻፍ፣ አቢ የነገረንን ሰርተፊኬት ለማስገባት የሚያስፈልገው ፈቃድ ነው። ሦስቱንም በገዛ እጃችን ከሰጠነው በኋላ የሚከለክለው ነገር የለም።

የሚተወው አሻራ ብዙ ጊዜ እዚህ ይገኛል፦ «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ»፣ «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን»፣ «ማኔጅ ሴቲንግስ»፣ ከታች «ኤክስክሉዥንስ»። ዲፌንደር እንዳይነካቸው የተባሉ ፎልደሮች እዚያ ተዘርዝረዋል። ሲ ድራይቭ በሙሉ ተመዝግቦ ከሆነ ዲፌንደር በርቶ እያለ ምንም አይፈትሽም፤ አረንጓዴ ምልክቱ ግን አይቀየርም። ዝርዝሩን አጽዱ፣ ከዚያ «ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን» አስነሱ። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ይፈትሻል፤ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

እግረ መንገዳችሁን «አፕ ኤንድ ብሮውዘር ኮንትሮል» ውስጥ «ሬፒዩቴሽን ቤዝድ ፕሮቴክሽን»ን ክፈቱና ያልተፈለጉ ፕሮግራሞችን የሚያግደውን ክፍል አብሩ፤ ሁለቱንም ሳጥኖች። ከ2020 የግንቦት ማሻሻያ ጀምሮ ነው እዚያ የመጣው፤ ቆየት ባለ ዊንዶውስ 10 ላይ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። አድዌር በሕግ አነጋገር ተጠቃሚው «አክሴፕት» ያለው ፕሮግራም ስለሆነ ብዙ ጸረ ቫይረስ ይህ ቅንብር ካልበራለት አይቶ ያልፈዋል።

#10 ማርታ_ሪያድ

ኤክስቴንሽን የለም፣ እንግዳ ፕሮግራም የለም፣ ፖሊሲም ባዶ ነው። ግን በስክሪኑ ቀኝ ጥግ «ኮምፒውተርዎ በ5 ቫይረስ ተጠቅቷል» የሚል ማስታወቂያ በየጊዜው ይወጣል።

#11 ሀኒ_ኔት

ማርቲ፣ እሱ አድዌር አይደለም፣ የድረ ገጽ ኖቲፊኬሽን ነው። አንድ ገጽ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው ይጫኑ» ብሎ ፈቃድ ወስዷል። መልእክቱ ላይ በትንሹ የተጻፈውን እዪ፤ የድረ ገጹ አድራሻና የብሮውዘሩ ስም ነው። ክሮም ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ «ሳይት ሴቲንግስ»፣ «ኖቲፊኬሽንስ» ገብተሽ የማታውቂያቸውን ሁሉ ከተፈቀደላቸው ዝርዝር አውጪ። ከላይ ያለውንም «ገጾች እንዳይጠይቁ» ወደሚለው ቀይሪው። መልእክቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ግን አትንኪ፤ እውነተኛው አድዌር ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

#12 አቢ_ሜሪላንድ

ስለ መሣሪያ አንድ ነገር ልጨምር። አድውክሊነር ለዚህ ሥራ የተሠራ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የጸረ ቫይረስ አምራቹ የማልዌርባይትስ ነው፣ ነጻ ነው፣ መጫን አይፈልግም፣ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይወስድም። አውርዱ ግን ከማልዌርባይትስ ገጽ ብቻ፤ በሱ ስም የተሠራ ሐሰተኛ ታይቷል። ፍተሻው ሲያልቅ ዝርዝሩን አንብቡ። «ፕሪኢንስቶልድ» በሚለው ክፍል የሚያቀርበው አብዛኛው የላፕቶፑ አምራች ፕሮግራም ነው፤ ሁሉንም ምልክት ካደረጋችሁ የቁልፍ ሰሌዳውን መብራት ወይም የባትሪ ቅንብሩን የሚቆጣጠረው ሊሄድ ይችላል። ሪፖርቱን ሲ ድራይቭ ላይ በራሱ ስም በተከፈተ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል፤ እዚህ እርዳታ ስትጠይቁ እሱን ለጥፉ፣ ግምት ይቀንሳል።

ሁለት ጸረ ቫይረስ አንድ ላይ አትጫኑ፣ እርስ በርስ ይጣላሉ። «ሬጅስትሪ ክሊነር» የሚባሉትንም ተዉ፤ ፖሊሲ ስር ያለውን ትክክለኛ የሚመስል መስመር አይነኩም፣ የሚያስፈልገውን ግን ሊያጠፉ ይችላሉ።

#13 ቃልኪዳን21

ሀኒ፣ ፕሮክሲው ነበር፣ ተስተካከለ። አሁን የቀረው ይህ ነው፦ ታስክ የለም፣ ፖሊሲ ባዶ ነው፣ አድውክሊነርም ንጹሕ ይላል። ክሮም ሳይገባበት ደህና ይሠራል፤ በጉግል አካውንት ሲገባ ግን የፍለጋ ሞተሩ ተቀይሮ ኤክስቴንሽኑም ይመለሳል።

#14 ሀኒ_ኔት

ሲንክ ነው። ክሮም የኤክስቴንሽን ዝርዝሩንና ቅንብሩን አካውንትሽ ላይ አስቀምጦታል፤ ኮምፒውተሩን ብታጸጂውም ስትገቢ ከዚያ ያወርደዋል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በዚያው አካውንት የገባሽባቸውን ሌሎች ኮምፒውተሮች ሁሉ ሲንክ አጥፊ፤ አንዱ ከቀረ የቆሸሸውን መልሶ ይልከዋል። ከዚያ ፓስዎርዶችሽና ቡክማርኮችሽ በኮምፒውተሩ ላይ መኖራቸውን አረጋግጪ፣ ቡክማርኩን በፋይል አውጪው። ቀጥሎ በክሮም የሲንክ ቅንብር ውስጥ የተቀመጠውን ዳታ የሚያሳየውን ገጽ ከፍተሽ ከታች ያለውን «ዴሊት ዳታ» ተጫኚ፤ ይህ ጉግል ሰርቨር ላይ ያለውን ያጠፋል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን አይነካም። አሁን ኤክስቴንሽኑን አንሺ፣ የፍለጋ ሞተሩን መልሺ፣ ክሮምን ዘግተሽ ክፈቺ፣ ሁለቱም እንዳልተመለሱ እዪ። ከዚያ ነው ሲንኩን የምታበሪው፣ መጀመሪያ በዚህ ኮምፒውተር፣ ቀጥሎ በሌሎቹ። ሌሎቹንም ከማብራትሽ በፊት የኤክስቴንሽን ገጻቸውን ተመልከቺ። ኤጅም የራሱ ሲንክ አለው፤ በማይክሮሶፍት አካውንት የምትገቢ ከሆነ እዚያም ያንኑ አድርጊ።